ተለቀቀ፣ አልተመለሰም

እሱ፦ የነዳጅ መስጫው እጀታ ሲለቀቅ አልመለስ ካለ፣ መንገድ ላይ ያለ ባለሞተር ምን ያድርግ?

እሷ፦ ፍሪሲዮኑን ይያዝ፣ መሪው ላይ ያለውን ቀይ ማጥፊያ ይጫን። ፍሬን ብቻ መያዝ ወደፊት ከሚጎትት ሞተር ጋር ግብግብ መግጠም ነው።

እሱ፦ ተረፈ እንበል። ጋራዥ ሲደርስ «ካርቡራተሩ ነው» ይሉታል።

እሷ፦ ሳያዩ! መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ እጀታውን አዙሮ ይልቀቀው፤ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ከዚያም በግራና በቀኝ እስከ ጥግ ታጥፎ። ሲታጠፍ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ከእጀታው ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው ገመድ ተወጥሯል ወይም የሆነ ቦታ ተጣብቋል።

እሱ፦ ቀጥ ብሎም ከያዘስ?

እሷ፦ ገመዱን ከካርቡራተሩ በኩል ፈትቶ እጀታውን ያዙረው። አሁንም ከከበደ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የእጀታው ነው። ከቀለለ ግን ካርቡራተሩ ውስጥ የሚንሸራተተውን ቫልቭና መላሽ ስፕሪንጉን ይይ።

እሱ፦ እጀታው ላይ ጌጠኛ የጎማ ሽፋን የሚደርቡስ?

እሷ፦ እሱን ተወው! ጎማው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ከገመዱ መያዣ ጋር ይፋተጋል። ትንሽ ወደ ውጭ መሳብ ይበቃ ነበር፤ ሰው ግን ካርቡራተር ያስፈታል።

እሱ፦ ግሪስስ?

እሷ፦ ወፍራም ግሪስ አቧራ ይሰበስባል፤ ጠርጎ ማጽዳት ይሻላል። የገመዱ ሽቦ ከተበጣጠሰ ደግሞ ዘይት አያድነውም፣ ይቀየር። አዲሱ ሲገጠም እጀታው ላይ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ልልነት ይተውለት። ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ሲያዞር ድምፁ ከጨመረ ግን ገመዱ አሁንም ተወጥሯልና እንዳይወጣበት።