ብርሃኑ የሚለካው ለማን ነው?



የዛሬው ንግግሬ ስለ በረሃና ስለ ብስክሌት ውድድር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው በሥራ ዘመኔ አብዝቼ ያነሣኋቸው ነገሮች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ሠርቻለሁ። ስሕተቱን ያሳዩኝም የፎቶግራፍ መምህር ሳይሆኑ በሐሙሲት ገበያ ጨው የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው።

ከሐሙሲት ተነሥቶ ወደ ደናክል የሚሄድ ሰው ከሙቀቱ በፊት የሚያስተውለው ቁልቁለቱን ነው። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተነጠፈ ነው፤ ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተመዘገበው ልኬት የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፍ ነበር። ይህ የቀትሩ ሙቀት አይደለም፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛው ወራትም አብሮ ተደምሮ የወጣ አማካይ ነው። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሰዎች ይሠራሉ። በአሳሌ ሐይቅ ዳር የደረቀውን የጨው ንጣፍ በመጥረቢያ ሰንጥቀው፣ በረጃጅም እንጨት ፈንቅለው ያነሡታል፤ ሌሎች ቁጢጥ ብለው አራት ማዕዘን አድርገው ይጠርቡታል፤ ከዚያ ተጭኖ ወደ በራሕሌና ወደ መቀሌ ይወጣል። አሞሌ የምንለው ይኸው ነው። አያቶቻችን በጎንደርና በጎጃም ገበያዎች እንደ ገንዘብ ተገበያይተውበታል፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መግቢያም ከብር ጋር ጎን ለጎን ዘልቋል። ዛሬ በወጣችን ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የአፍዴራ ጨው ነው፤ አሞሌው ግን ለከብት ተብሎ እስከ አሁን ይሸጣል፤ የፎገራን ላም ያረባ ሰው ይህን ያውቃል።

ወደ አሳሌ መጀመሪያ የወረድሁ ጊዜ የፈለግሁት ሰውን አልነበረም። የፈለግሁት ስፋትን ነበር። በረሃን የሚያነሣ ሰው ሁሉ ይህ ፈተና ይገጥመዋል፤ ሜዳው ምንም ያህል ቢሰፋ ማነጻጸሪያ ከሌለው በፎቶ ላይ የጠረጴዛ ጨርቅ ያህል ይሆናል። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከሰው የተሻለ የለም። አንድ ጨው ፈላጭ እንጨቱን ወደ ላይ አንሥቶ፣ የምትጠልቀውን ፀሐይ በጀርባው አድርጎ ቆሞ አገኘሁት። አነሣሁት። ፎቶው ተወደደልኝ፤ በትርኢት ላይ ተሰቀለ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይም ታተመ። ሰውየውን ስሙን አልጠየቅሁትም ነበር።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች የአሠራሩን ነገር ጥቂት ላብራራ። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ የሚገምት መሣሪያ ነው፤ በተለምዶ እንደምንማረው፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ። ጨው ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ብርሃን ይመልሳል። ካሜራው «በዛብኝ» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ነጩ ጨው አመድ መስሎ ይወጣል፣ በላዩ የቆመው ጠይም ሰው ደግሞ ከሰል ይሆናል። ይህን የሚያውቅ አንሺ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እርከን ብርሃን ይጨምራል። ይህም ሆኖ ፀሐይ ከሰውየው ጀርባ ስትሆን አንሺው አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ሰማዩንና ጨውን፣ ወይ ፊቱን። እኔ ሰማዩን መረጥሁ።

ያንን ቀን መቁጠሪያ ይዤ አንድ ሐሙስ ወደ ገበያ ወጣሁ። እንደምታውቁት ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። ጨው የሚሸጡትን እናት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ከፊታቸው የተደረደረው አሞሌ ከየት እንደሚመጣ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መመስገንም ፈልጌ ነበር። ወረቀቱን አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ፊት የለውም እንዴ?» አሉኝ።

«ፀሐይዋ ከኋላው ስለሆነች ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።

«ታዲያ አንተ ዞር አትልም ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለራሴ ማለቴ ነው። አንዱ መልስ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ እውነተኛ መሠረት አለው። በፊልሙ ዘመን የቀለም ማተሚያ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉት የኮዳክ ኩባንያ በሚልክላቸው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ «የሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የእርሷ ፊት ትክክል ከወጣ ሁሉም ትክክል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የጠቆረ ቆዳ ዝርዝሩ ቢጠፋ የማሽኑ ጉድለት ሳይሆን የቆዳው ጠባይ ተደርጎ ለብዙ ዓመታት ተቆጠረ። ይህ መታወቅ ያለበት ታሪክ ነው፤ በእናንተ ክፍሎችም ሊጠና ይገባዋል። የእኔን ፎቶ ግን አይመለከትም። እኔ የያዝሁት ዲጂታል ካሜራ ነበር፤ የሰውየውን ፊት የማስቀረት አቅም ነበረው። «ዞር አትልም ነበር?» የሚለው ጥያቄ በኮዳክ ሊመለስ አይችልም።

እናም ዞርሁ። ወደ አሳሌ ተመለስሁ። የመጀመሪያውን ሰው አላገኘሁትም። ፎቶውን አሳይቼ «ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?» ብዬ እንዳልጠይቅ ፊቱ በፎቶው ላይ የለም። ያን ቀን ያደረግሁት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ቀን መቁጠሪያውን በእጄ ይዤ በሠራተኞቹ መካከል ስዞር ነው፤ ሁሉም አዩት፣ ሁሉም «ማንም ሊሆን ይችላል» አሉኝ።

በዚህ ሁለተኛ ጉዞ አንድ ነገር ተማርሁ። ከሩቅ ሆነው ሲያነሡ ፊትን የሚያጠቁረው ጨው፣ ከቅርብ ሲሆኑ ፊትን የሚያበራ መብራት ነው። ጨው ጠራቢው ቁጢጥ ብሎ ሲሠራ ብርሃኑ ከመሬት ወደ ላይ ይመለስና ከግንባሩ በታች፣ በዓይኑ ጉድጓድና በአገጩ ሥር ያለውን ጥላ ይገፈዋል። በከተማ ስቱዲዮ ውስጥ በነጭ ሰሌዳ የምናደርገውን በረሃው በነጻ ያደርገዋል። ለዚህ ግን ከሰውየው አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለመቀመጥ ደግሞ ሰላምታ መስጠት፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ሥራውን አለማወክ። ረጅሙ ሌንሴ ከዚህ ሁሉ አሳርፎኝ ነበር። ያነሣሁት ሰው ስሙን ነግሮኛል፤ እዚህ ግን አልጠራውም፤ የጠየቅሁት ለፊቱ እንጂ ለስሙ አልነበረም።

አሁን ወደ ብስክሌቱ ልምጣ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከሯጮቹ ጋር አብረው ብስክሌተኞች እንደ ሄዱ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ገረመው ደምቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ቡድናችንም 9ኛ ወጣ። ለመጀመሪያ ተሳትፎ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸነፈ፤ ገረመውም በዚያው ኦሊምፒክ ነበር። የአገሩ ሁሉ ዓይን ለአበበ ተለካ፤ ይገባዋልም። በዚያ ልኬት ግን ብስክሌተኞቹ ጥላ ውስጥ ቀሩ።

የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ሐምሌ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ስፈልገው ሰነበትሁ። የብስክሌት ውድድርን የማያውቅ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ ከጋላቢዎቹ አብዛኞቹ ለማሸነፍ አይሄዱም። ነፋስ ለመሪያቸው ይከልላሉ፣ ውኃ ያቀብላሉ፣ ጉልበታቸው ሲያልቅ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ካሜራው ደግሞ ከፊት ነው። ዝነኛው የቫንቱ ተራራ ዕለት፣ ሐምሌ 7 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ነፋስ ስለበረታ መጨረሻው ከጫፉ ዝቅ ተደርጎ ነበር። የምስል ሞተር ብስክሌት በተመልካች ብዛት ድንገት ቆመ፣ መሪዎቹ ተላተሙ፣ ክሪስ ፍሩምም ያለ ብስክሌት በእግሩ ሲሮጥ ዓለም አየ። ምስል ሊያነሣ የወጣው ሞተር የምስሉ ታሪክ ሆነ፤ ለእኛ ለባለሙያዎች የሚከነክን ነገር ነው።

ቫንቱ አናቱ ዛፍ የሌለው፣ ነጭ ድንጋይ ብቻ የሚታይበት ተራራ ነው፤ በአውሮፓ መካከል የተቀመጠ በረሃ በሉት። ጫፉ ከ1,900 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ጋላቢዎቹ ነፍሳቸው እስክትወጣ የሚወጡት ከፍታ የፎገራ ልጅ እህል ጭኖ ወደ ወፍጮ ከሚነዳበት ሜዳ እምብዛም አይበልጥም። በእርግጥ የሚገድለው ከፍታው ሳይሆን አቀበቱ ነው፤ ግን ሳቅሁ።

እኔ ብስክሌት የማነሣው ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ጋላቢ በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። የካሜራው መዝጊያ በሺህኛ ሴኮንድ ከተዘጋ ሰውየው የሄደው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው ቆሞ፣ ሽቦዎቹ ተቆጥረው ይታያሉ፤ ፍጥነቱ ግን ሞተ። በሠላሳኛ ሴኮንድ ካሜራውን ከእርሱ ጋር እያዞሩ ሲያነሡ የሩዙ ማሳ ወደ መስመርነት ይቀልጣል፣ ፍጥነቱም ይታያል። ለዓመታት የምኮራው በዚህ ነበር። ኋላ እነዚያን ፎቶዎች በተርታ ዘርግቼ ስመለከታቸው የራስ ቁር፣ ጥቁር መነጽርና ከእነርሱ በታች ጥላ ብቻ አየሁ። የቀትር ፀሐይ፣ የብስክሌተኛ ማጎንበስ፣ የእኔም ለማሳው የተለካ ብርሃን፣ ሦስቱ ተባብረው የአሳሌውን ፎቶ በፎገራ ላይ ደግመውት ነበር።

ስለዚህ ቦታዬንም ሰዓቴንም ቀየርሁ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጉማራ ሞልቶ ያለፈበት ውኃ በመንገዱ ግራና ቀኝ ገና ተኝቶ ሳለ፣ በማለዳ መንገዱ ዳር ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ውኃው እንደ ጨው ነው፤ ብርሃንን ከታች ይመልሳል። የምጠብቀውም ቀዳሚውን አይደለም። ቀዳሚው ካለፈ በኋላ ከቡድኑ ተነጥሎ የቀረው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ የሰቀለው ልጅ ይመጣል። እንዲህ ያሉትን ፎቶዎች የሚገዛኝ ብዙ አይደለም፤ አዘጋጆች አሸናፊውን ይፈልጋሉ፤ አልፈርድባቸውም።

የጨው ጠራቢውን አዲስ ፎቶ ባለፈው በጋ ወደ ገበያ ይዤው ሄድሁ። እትዬ እንደ ልማዳቸው አቅርበውም አርቀውም አዩት። ስለ ብርሃኑ ምንም አላሉኝም። «ዓይኑን ምን ነካው?» ብለው ጠየቁኝ። ጨውና ፀሐይ መሆኑን ነገርኋቸው። ቀጥለውም ለአንድ አሞሌ ስንት እንደሚከፈለው ጠየቁኝ፤ የሰማሁትን ነገርኋቸው። እርሳቸው በሚሸጡበት ዋጋ በጣታቸው አሰቡት፣ ፎቶውንም አልመለሱልኝም፤ ከሚዛኑ አጠገብ አቆሙት።