ጓሳና ቆርቆሮ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ስለ መንዝ ቤት ክዳን ጥቂት ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ስለ ዘመኑ የመሣሪያ መለዋወጥ ሲነሣ አሳባችን ፈጥኖ ወደ ኮምፒዩተር ይሄዳል፤ ነገር ግን የገጠርን ኑሮ ከሥሩ የሚለውጠው ብዙ ጊዜ እንደ ቆርቆሮና እንደ ፕላስቲክ ገመድ ያለው ተራ ዕቃ ነው።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የጓሳ ምድር ይገኛል። መንዞች በዚያ በሚበቅለው የጓሳ ሣር ቤታቸውን ሲከድኑ፥ ገመድ ሲገምዱ፥ ገሣ ሠርተው ዝናም ሲከላከሉ፥ ፍራሽ ሲሞሉና ደጃቸውን ሲጠርጉ ኖረዋል። ስለዚህም ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፥ አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚዎች የሚወለዱት ርስተኞች ከየወገናቸው ሹም እየመረጡ ያስጠብቁት ነበር። ሹሙ በዘጋው ጊዜ 3 ዓመትም ሆነ 5 ዓመት ማጭድ አይገባበትም፤ ከብትም አይሰማራበትም። ተከፍቶ ሣሩ የሚታጨደው በበጋ ሲሆን ክረምት ሲቃረብ ተመልሶ ይዘጋል። ትእዛዙን የተላለፈ ብርቱ ቅጣት ነበረበት።

ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንዳሻው አጨደ፤ አጋጠ። ሕዝቡ ራሱ ጉዳቱን አይቶ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆመ፤ በ2004 ዓ.ም.ም የክልሉ መንግሥት በሕግ አጸናለት።

እንግዲህ ቆርቆሮ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮ አያፈስም፤ እሳት እንደ ሣር አይበላውም፤ በየጥቂት ዓመቱም ካልታደስሁ አይልም። ከደመወዙ ቆጥቦ ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ የሚልክ የመንግሥት ሠራተኛ ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም። (በረዶ ሲወርድበት እርስ በርስ መደማመጥ እንደማይቻል፥ የደጋው ብርድም ሌሊት እንደሚገባበት የታወቀ ነው።) ጭንቁ ሌላ ነው። ያን ሜዳ ከሹም ይበልጥ ሲጠብቀው የኖረ ችግር ነበር፤ ሣሩን የማያጭድ ሰው ግን ምን ብሎ ይጠብቀው? ነገ ገብስ የሚዘራበት ባዶ መሬት መስሎ ይታየዋል።

ሜዳው ግን ባዶ አይደለም። የጓሳው ጉጥ የክረምቱን ውሃና ጉም ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጮች ይለቃል፤ ከዚያም ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ ይወርዳል። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 የማይሞሉት ቀይ ቀበሮዎች ከፊላቸው የሚያድኑት በዚሁ ሣር ውስጥ ነው፤ ጭላዳም ይሰማራበታል። የጓሳ ገመድ ሲበጠስ በስብሶ አፈር ይሆናል፤ የፕላስቲኩ ቁራጭ ግን በማሳው ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

በእኔ አስተያየት ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ ገበሬው ከሜዳው የሚያገኘው ጥቅም ሊኖር ያስፈልጋል። ከጎብኚዎች የሚገባው ገንዘብ አንድ መንገድ ነው። የመንዝ ልጆች ሆይ፥ ለመኖሪያው ቤት ቆርቆሮውን ላኩ፤ የማድ ቤቱን፥ የጎተራውንና የበረቱን ክዳን ግን ለጓሳ ተዉለት። አጫጁንም የሣሩን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉት።