«ጊዜው አልፏል» ከማለታችን በፊት
(በማኅበራችን የጁላይ ወር ስብሰባ ላይ ስለ ጓሮ አትክልት የቀረበ ንግግር)



ስለ ጓሮ አትክልት እንድናገር ኮሚቴው ሲጋብዘኝ ብዙዎቻችሁ «ጁላይ ሊያልቅ ነው፤ ከእንግዲህ ምን ይተከላል? ለከርሞ ያድርሰን» እንደምትሉ ገምቻለሁ። እኔ ግን ከርሞን መጠበቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

የአገራችን ገበሬ ማሽላው በዝናብ መዘግየት ሲበላሽበት መሬቱን እንደገና አርሶ ጤፍ ይዘራበታል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በጥቁር አፈር ላይ በቀረችው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ዘግይቻለሁ ብሎ እጁን አያጣጥፍም፤ የዘገየው ለየትኛው ዘር እንደሆነ ይለያል። እኛም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ እንዲሁ ማድረግ እንችላለን።

እዚህ ልናውቃቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ውርጭ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰፈሮቻችን የመጀመሪያው ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ይመጣል። ሁለተኛው የቀን ማጠር ነው። በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እዚህ ግን በጁን 15 ሰዓት ገደማ የነበረው ብርሃን በዲሴምበር ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ በመኸር የተዘራ አትክልት ዝግ ብሎ ያድጋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በዘሩ ከረጢት ላይ የተጻፈውን የመድረሻ ቀን ብዛት ወስዳችሁ ለቀኑ ማጠር 14 ቀን ጨምሩበት፤ ከዚያ ከኦክቶበር 20 ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፎሶልያ በ55 ቀን ይደርሳል ከተባለ በጠቅላላው 69 ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ እስከ ኦገስት 12 ድረስ መዝራት ይቻላል። ቲማቲምና ቃሪያን ከዘር ለመጀመር ግን በእውነትም ዘግይተናል፤ እነሱን ለከርሞ እንተዋቸው።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ሰላጣ ቀዝቃዛ አየር ይወዳሉ። ጎመንማ ቀላል ውርጭ ሲነካው ስኳር ስለሚያበዛ ይበልጥ ይጣፍጣል። ካሮትን አሁኑኑ ዝሩት፤ ሲደርስ ከመሬት ሳታወጡ ጥቂት ልታቆዩት ትችላላችሁ። ሰላጣ በጋለ አፈር ውስጥ አልበቅልም ስለሚል ጥላ ሥር አፍሉትና በሴፕቴምበር አዛውሩት። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ ክረምቱን መሬት ውስጥ አሳልፎ በሚቀጥለው በጋ መጀመሪያ ይነቀላል። ለእሱ እንዲያውም ገና ነው።

ስለ ዘር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በየሱቁ የምናገኘው ኮላርድ ከሐበሻ ጎመን ጋር ቢዛመድም ዝርያው ሌላ ነው። የአገራችንን ጎመን ዘር በሻንጣ ማምጣት ለምትፈልጉ፣ የዕፅዋት ጤንነት የምስክር ወረቀት ስለሚጠየቅበት ደንቡን አስቀድማችሁ አጣሩ።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው በ1978 ነው። ቤታችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ከግድግዳው ሥር አትትከሉ፤ አፈሩንም አስመርምሩ። ምርመራው እስኪደርስ ከሳንቃ መደብ ሠርታችሁ በተገዛ ንጹሕ አፈር ሙሉት። እርጥብ አዛባ ወይም የፈረስ ፋንድያ ዘንድሮ አትጨምሩ፤ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል በደንብ የበሰበሰውን ብቻ ተጠቀሙ። በኦገስት ሙቀት ዘር የሚሞተው በውኃ ጥም ስለሆነ የተዘራውን ካሮት በረጠበ ጆንያ ሸፍኑትና በየቀኑ እየገለጣችሁ እዩት፤ ብቅ ሲል ጆንያውን አንሡ። ጎመኑን ደግሞ ስስ ነጭ ጨርቅ አልብሱት፤ ነጯ ቢራቢሮ እንቁላሏን አትጥልበትም። በኋላም ከቀላል ውርጭ ይከላከልለታል።

አፓርትመንት የምትኖሩም ተስፋ አትቁረጡ። የሞንጎመሪ ካውንቲ የፓርኮች መሥሪያ ቤት ለነዋሪው የሚያከራያቸው የአትክልት ቦታዎች አሉት። እስከዚያው ሰላጣና ቆስጣ ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ በባልዲ ይበቅላሉ፤ የባልዲውን ሥር መብሳት ብቻ አትርሱ።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የምናገረው ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብቻ አይደለም። በየቤታችን የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ብዙዎቹ መሬት ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። እዚህ ግን እኛ ሥራ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ስንሄድ ቋንቋውን ከማያውቁት ቴሌቪዥን ጋር ይውላሉ። አንዳንዶቹ ከርሞ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹን ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ለእነሱ «ለከርሞ» የምንለው ቀጠሮ ላይደርስ ይችላል። ልጆቻችንም ኩትኳቶ፣ አረም፣ መደብ፣ ችግኝ የሚሉትን ቃላት ከመጽሐፍ ይልቅ ከአያታቸው ጎን ተንበርክከው ቢማሩ ይሻላል።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር የሆነች መደብ ብቻ አዘጋጁ። ምን እንደሚዘራባትም እናቶችንና አባቶችን ጠይቁ። ዶማ ያለው ለሌለው ያውስ፤ ችግኝ የተረፈውም ለጎረቤቱ ያካፍል።