ስለ ላፕቶፕ መጠን አመራረጥ

(በሐይቅ ዳር ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)




የመረጥነው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም ተማሪ የሚገዛው ላፕቶፕ ምን ያህል መጠን ሊኖረው ይገባል የሚለው ጥያቄ ነው። ነገር ግን የብዙዎቻችን ላፕቶፕ የተገዛው በቡና ሽያጭ፥ ወይም በአንድ ወይፈን ዋጋ፥ ወይም ታላቅ እኅት ከዐረብ አገር በላከችው ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዴት እንደ ተወደደ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። በሌላ በኩል የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለ ሆነ፤ ላፕቶፕ የቅንጦት ዕቃ ነው ለማለት አይቻልም። ወላጆቻችን ሁለተኛ ሊገዙልን የማይችሉትን ዕቃ አንድ ጊዜ ስንመርጥ፤ አስበን መምረጥ ግዴታችን ነው።

በመጀመሪያ መጠን ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ እንግለጥ። ሻጩ 14 ወይም 15.6 ኢንች ሲል የሚናገረው ስክሪኑ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ሲለካ ያለውን ርዝመት ነው፤ አንድ ኢንችም 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። ተማሪው ግን የሚሸከመው ስክሪኑን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1 የተባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ስክሪኑ 5 ኢንች ብቻ ሲሆን፤ ክብደቱ 11 ኪሎ ያህል ነበር። ዛሬ ነገሩ ተሻሽሎ፤ ባለ 13 ወይም ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ፥ ባለ 15.6 ከ1.7 እስከ 2.3 ኪሎ፥ ባለ 17.3 ደግሞ ከ2.5 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቻርጀሩ ሲጨመር ክብደቱ ከዚህም ያልፋል።

ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያ ዓመቱ ባለ 17.3 ኢንች ገዛ። ምክንያቱ ምን ነበር ብትሉን፤ ትልቅ ነገር ያስከብራል ከማለት በቀር ሌላ አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተሸክሞ ወጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ትከሻውን አመመው፤ በሦስተኛው ሳምንት ላፕቶፑ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ። ባትሪውም ሁለት ሰዓት ስለማይሞላ፤ ሶኬት በራቀበት ክፍል ሁሉ ከወንበር እኩል ነበር። ልጁ ማስታወሻውን በስልኩ ሲጽፍ ከረመ። ቤተሰቦቹ የሸጡት ወይፈን ግን ተመልሶ አልመጣም።

ባትሪን ካነሣን ሒሳቡ ቀላል ነው። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 ዋት ለሚፈጅ ላፕቶፕ አምስት ሰዓት ይበቃል፤ 20 ዋት ለሚፈጅ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስክሪን በሰፋ፥ ብርሃኑም በጨመረ ቁጥር ፍጆታው ይጨምራል። መብራት በጠፋበት የፈተና ዋዜማ ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

እንዲህ ስንል ትንሹን ሁሉ ግዙ ማለታችን አይደለም። ባለ 11.6 ኢንች ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሆኖም ኪቦርዱ ጠባብ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አቅሙ አነስተኛ ነው። ከዚህም በላይ የፊደላችን ነገር አለ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ቅጥያ ቦታ ብቻ ነው፤ በጠባብ ስክሪን ላይ ባለ መቶ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ዓይኑና አንገቱ ምን እንደሚሉት ያውቃል።

እንግዲህ የቀረው ክርክር በ14 እና በ15.6 መካከል ነው። በተለመደው የስክሪን ቅርጽ ባለ 14ቱ ወደ ጎን 31፥ ወደ ላይ 17.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 15.6ቱ ደግሞ 34.5 በ19.4 ነው። ስለዚህ ትንሹ ከትልቁ የሚያንሰው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከኢንቹ ይልቅ የነጥቦቹን ብዛት ጠይቁ። ባለ 14 ሆኖ 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ስክሪን፤ ባለ 15.6 ሆኖ 1366 በ768 ካለው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነጥብ ስላለው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መስመር ያሳያል። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ በተለይ ይህን አትርሱ። በሐይቁ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር ማጥናት የምትወዱም የማያንጸባርቅ ስክሪን ምረጡ፤ አለበለዚያ ከትምህርቱ ይልቅ የራሳችሁን ፊት ስታነቡ ትውላላችሁ።

የትምህርት ዘርፍም ልዩነት ያመጣል። በሕክምና ከዎርድ ወደ ዎርድ የሚዘዋወር፥ በግብርና ወይም በደን ትምህርት መስክ የሚወጣ ተማሪ ባለ 13 ወይም ባለ 14 ይበቃዋል። የሒሳብ መዝገብ ተማሪ በስተቀኝ የቁጥር ቁልፎች ያሉትን ባለ 15.6 ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ሆኖም የቁጥር ቁልፎቹን ለብቻ ገዝቶ በዩኤስቢ መሰካት ይቻላል። የምሕንድስናና የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሥዕል ስለሚሠራ ሰፊው ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን የሥዕሉን ፕሮግራም የሚያሮጠው ራሙና ፕሮሰሰሩ እንጂ ኢንቹ አለመሆኑን ይወቅ። ለሌሎቻችን፤ ማለት ለአብዛኛዎቹ፤ ባለ 14 ኢንች ይበቃል የሚል እምነት አለን።

እኛን ብቻ አትመኑ፤ ራሳችሁ ፈትኑት። የ2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ በቦርሳችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ይዛችሁ ዋሉ፤ ይህ 2 ኪሎ ነው፤ የአንድ ባለ 15.6 ኢንች ክብደት ማለት ነው። በማግሥቱ በአንድ ሊትር ተኩል ሞክሩ፤ ይህም የአንድ ባለ 14 ያህል ነው። ከካርቶንም በነገርናችሁ ልክ ሁለት ስክሪን ቆርጣችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አቁሙ። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውንም ተረት በራሳችን ላይ ከመተረት ያድነናል።

በመጨረሻ ሁለት ነገር እንለምናለን። ማኅበራችን በምዝገባ ሰሞን አንድ ጠረጴዛ አዘጋጅቶ፤ ከነባር ተማሪዎች በየመጠኑ አንዳንድ ላፕቶፕ ተውሶ፤ አዲስ ገቢዎች አንሥተውና ጽፈውበት እንዲያዩ ያድርግ። ክቡራን መምህራንም በመጀመሪያው ሳምንት የትምህርት ክፍላቸው የትኞቹን ፕሮግራሞች እንደሚጠቀምና ምን ያህል አቅም እንደሚጠይቁ በሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን። ላፕቶፕ የሚጠቅመው ጠዋት ከዶርም አብሮን ሲወጣ ነው፤ ሎከር ውስጥ የተቆለፈው ሰፊ ስክሪን ግን የወላጆቻችን ድካም የተቀበረበት ነው።