ጡንቻን የሚያላሉ መድኃኒቶች እና የተጎዳ ኩላሊት

በአሶሳ ለአንስቴዥያና ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለሙያዎች የቀረበ ገለጻ



በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ከወትሮው ይበልጥ ተፈላጊ ሆኖ ነበር። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምባቸው ጡንቻን የሚያላሉ መድኃኒቶች ሕይወት ያድናሉ፤ ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰው ግን አደጋ ሊሆኑ ይችላሉ። ኮቪድ-19 ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በስፋት የሚታየው ወባም ሲጸና እንዲሁ። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመቅዳታችን በፊት የታካሚውን የሽንት መጠን፣ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም እንጠይቅ።

ሳክሲኒልኮሊን የደም ፖታሲየምን በሊትር 0.5 ሚሊሞል ገደማ ይጨምራል። ፖታሲየሙ መደበኛ ለሆነ ታካሚ፣ ኩላሊቱ ቢደክምም፣ ይህ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። አስቀድሞ ከፍ ላለበት ግን ልብን ሊያቆም ይችላል። ለብዙ ቀናት ሳይንቀሳቀስ በአልጋ ላይ ለቆየ ታካሚም ጭማሪው እጅግ ሊበረታ ስለሚችል አይሰጥ።

ፓንኩሮኒየም በአብዛኛው የሚወገደው በኩላሊት ነው። ቬኩሮኒየም በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚተወው ውሁድም ጡንቻን የማላላት ኃይል ስላለው፣ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። ደጋግሞ የተሰጠው ታካሚ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ላይንቀሳቀስ ይችላል። አትራኩሪየም ግን በደም ውስጥ በራሱ ስለሚፈራርስ የኩላሊትን ሥራ አይጠብቅም፤ ካለ እርሱን እንምረጥ። ከሌለ፣ የቀደመው መጠን መልቀቅ መጀመሩን ሳናረጋግጥ ሌላ አንጨምር። ማግኒዥየም ሰልፌትና ጀንታማይሲን የእነዚህን መድኃኒቶች ኃይል እንደሚያበረቱም አንርሳ፤ በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት ማግኒዥየም የተሰጣት እናት ልዩ ጥንቃቄ ትሻለች።

እነዚህ መድኃኒቶች ጡንቻን ያስራሉ እንጂ አያስተኙም፤ ሕመምም አያስታግሱም። ማስተኛው ከተቋረጠ ታካሚው እየሰማና እያመመው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። እኛም አንጎሉ ተጎድቷል ብለን እንዳንሳሳት ያሰጋል። ቱቦውን ከማውጣታችን በፊት በነርቭ መቀስቀሻ መሣሪያ እንለካ፤ መሣሪያው ከሌለ ራሱን ከትራስ ለ5 ሰከንድ ቀና አድርጎ እንዲያቆይ እንጠይቅ፤ ቢችልም እንኳ ክትትላችን አይቋረጥ።

ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታካሚ ስንልክ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የተሰጠበትን ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ እንጻፍ። የሚቀበለው ባለሙያ የማይንቀሳቀስበትን ምክንያት ከታካሚው አንደበት ሊሰማ አይችልም፤ ሊያውቅ የሚችለው እኛ ከጻፍነው ነው።