ምድርን የሚያውቅ ልጅ



ልጆቻችን በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊና የልማት ጥናት ሲመርጡ፣ «ይህ ምን እንጀራ ይሆናል?» ብለን እናዝናለን። ነገር ግን የጂኦግራፊ ምሁሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በአገራችን ገጠር የደረሰውን ረኃብ አጥንተው፣ መንሥኤው የዝናብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ገበሬውን አቅም ያሳጣው ሥርዓት ጭምር መሆኑን አስተምረዋል።

እኛም በአንድ ደብር የውኃ ጉድጓድ ስናስቆፍር ስፍራውን የመረጥነው ለመንገድ ስለቀረበ ብቻ ነበር። በበጋ ደረቀ፤ እናቶችም እንደ ቀድሞው ወደ ወንዝ ወረዱ። በኋላ ለዕረፍት የመጣ አንድ ተማሪ ሽማግሌዎችን ጠይቆ፣ ዳገቱን ዞሮ፣ የማይነጥፈውን ምንጭ አመለከተን።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ከዚህ ትምህርት አትከልክሏቸው፤ ሲመለሱም ዕቅድ ከመጽደቁ አስቀድማችሁ ጥሯቸው።