የፈራችን ድመት እንዴት እናረጋጋለን?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድመት ነው። «ተማሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ድረስ መጥተው ስለ ድመት ያወሩናል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የእህልና የሕይወት ነገር ነው። እስቲ አዳምጡን።

ድመት፣ በኦሮምኛ አዱሬ፣ ከሰው ጋር የተወዳጀችው በገበሬ ምክንያት ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሰው እህል አርሶ ማከማቸት ሲጀምር፣ አይጥ እህሉን ተከትላ መጣች። ድመት ደግሞ አይጧን ተከትላ መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ሰውና ድመት ጎን ለጎን የተቀበሩበት ቦታ ተገኝቷል። ዕድሜው 9,500 ዓመት ያህል ነው፤ ግኝቱ ለዓለም የተነገረውም በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ ዙሪያ የድመት ሥራ ያው ነው፤ የበቆሎ ጎተራ ትጠብቃለች። «አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባል የለ?

ድመት ስትፈራ ግን ሥራዋን ትተዋለች። ወይ ቤት ጥላ ትጠፋለች፣ ወይ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ የሚያስፈራት ነገር ይበዛል። እንግዳ ሰው ግቢ ይገባል፣ ጆንያ ይጫናል፣ መኪና ይጮኻል፣ ውሻ ሰው ተከትሎ ይመጣል።

መፍራቷን በምን እናውቃለን? ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች። ፀጉሯ ይቆማል። የዓይኗ ብሌን ይሰፋል። ጅራቷን ወዲያና ወዲህ ትወነጭፋለች። እንደ እባብ ትነፋለች። ይህ ሁሉ «አትቅረቡኝ» ማለቷ ነው። ይህን እያየን እጃችንን ብንሰድ ጥፋቱ የማን ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አናሳዳት። ልጆችንና ውሻውን እናርቅ፤ ድምፃችንን እንቀንስ።

ሁለተኛ፣ መሸሸጊያ እንስጣት። አሮጌ ቅርጫት በጎኑ አስተኝተን ውስጡ ጨርቅ ብናነጥፍ ይበቃል። ቆጥ ላይ ከወጣችም እንተዋት። መደበቂያ ያገኘች ድመት ቶሎ ትረጋጋለች።

ሦስተኛ፣ ዓይኗ ላይ አናፍጥባት። ዝቅ ብለን፣ ፊታችንን መለስ አድርገን እንቀመጥ። ውኃና ትንሽ ምግብ አስቀምጠን ራሷ እስክትመጣ እንጠብቅ። ስትመጣ እጃችንን ታሽትት፤ ከዚያ በኋላ ጉንጯን በቀስታ እንዳብሳት።

አራተኛ፣ አንምታት። የተመታች ድመት የምትማረው ነገር ቢኖር የመታትን ሰው መፍራት ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ አረቄ ወይም የሰው ክኒን አንስጣት። ለእኛ ራስ ምታት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ድመት ከቤት ወደ ቤት ማዛወር ሲያስፈልግ በጆንያ አንቋጥራት። ክዳን ባለው ቅርጫት፣ የተኛችበትን ጨርቅ ከሥሯ አንጥፈን እንውሰዳት፤ የራሷ ሽታ ያረጋጋታልና። አዲሱ ቤት ስትደርስም ለጥቂት ቀናት በአንድ ክፍል ውስጥ ትቆይ። ወዲያው ከተለቀቀች ወደ ቀድሞ ቤቷ ልትመለስ ትነሳና መንገድ ላይ ትቀራለች።

ቆስላ የግድ መያዝ ካለባትስ? ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከላይ ጣል አድርገን እንጠቅልላት። በባዶ እጅ መያዝ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ከድመትም በንክሻ ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የተከተበ ሰው ግን ይድናል። ክትባቱን ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1885 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተነከሰ ልጅ ከሰጠ ወዲህ ብዙ ሰው ድኖበታል።

ስለዚህ ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እንጠብ። የተፈጨ ቡና ወይም ቅቤ አናድርግበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ የታዘዘውን ክትባትም ሳናቋርጥ እንጨርስ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው አደጋ አለው።

ድመቷ ጤነኛ ከመሰለች በቁጣ አንግደላት። ዘግተን፣ ምግብና ውኃ እየሰጠን ለ10 ቀን እንመልከታት። በ10ኛው ቀን በጤና ካለች፣ በነከሰች ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። ከገደልናት ይህን በምን እናውቃለን? ይሁን እንጂ 10ሩን ቀን እንጠብቅ ብለን ሕክምናውን አናዘግይ።

ማንም ሳይነካት ሰው ላይ የምትዘል፣ ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃታት፣ የምትንገዳገድ ድመት ካየን ግን እናረጋጋት ብለን አንጠጋ። ሰውና ከብት አርቀን፣ ከተቻለ በሩን ከውጭ ዘግተን፣ ለእንስሳት ሐኪምና ለቀበሌ እንንገር።

እንግዲህ የነገርናችሁ ይህ ነው። ጽሑፉን ማታ ቤታችሁ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ የድመት ጅራት የሚጎትቱት እነሱ ናቸውና።